የቬኒስ ከተማ፣ ዕድሮችዋና መዝገቦችዋ



ዕድር ያለው እኛ አገር ብቻ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። ሰው ሲሞት ተጠራርቶ መቅበር፣ ሐዘንተኛን ማጽናናት፣ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ፣ ከቀብር የቀረውን መቅጣት፣ ይህ ሁሉ ከአበሻ በቀር ሌላው ዓለም የማያውቀው ሥርዓት ተደርጎ ሲወራ እንሰማለን። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ከዛሬ 760 ዓመት ገደማ በፊት በጣሊያን አገር፣ በውሃ ላይ በተሠራች የነጋዴዎች ከተማ ውስጥ፣ ዳኛና ጸሐፊ ያለው፣ መዋጮ የሚሰበስብ፣ ሙታኑን በሥርዓት የሚቀብር፣ ባል የሞተባቸውን ሴቶች የሚረዳ ማኅበር ነበረ። ከተማይቱ ቬኒስ ትባላለች።

ታዲያ የፈረንጅ ከተማ ታሪክ ለአቃቂ ዕድር ምን ይረባዋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። በሁለት ምክንያት ይረባል። አንደኛው፣ እነዚያ ማኅበሮች ምን ሠርተው እንደ ቆሙና ምን አጥፍተው እንደ ተነቀፉ ማወቁ ለኛም ትምህርት ስለሚሆን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይህች ከተማ ስለ አገራችን፣ እንዲያውም ስለምንኖርበት አካባቢ፣ እኛ በእጃችን የሌለንን ነገር ጽፋ ስለ ያዘች ነው። የሁለቱም ቁም ነገር አንድ ነው፤ ማኅበርን የሚያቆመው መዋጮው ብቻ ሳይሆን መዝገቡም ጭምር ነው ለማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ በኛ አቆጣጠር ነው ብዬ ካላመለከትኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በውሃ ላይ የቆመች ከተማ

ቬኒስ በሰሜን ጣሊያን፣ ባሕሩ ወደ የብስ ገብቶ በተኛበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ የተሠራች ናት። በስድስተኛው መቶ ዓመት ሎምባርዶች የሚባሉ ወራሪዎች ከሰሜን ሲመጡ፣ የየብሱ ነዋሪ እየሸሸ በረግረጉ መካከል ባሉት ትናንሽ ደሴቶች ላይ ሠፈረ። ደሴቶቹ ከመቶ በላይ ናቸው። መሬቱ ጭቃ ስለሆነ ሕዝቡ የእንጨት ግንድ እያሾለ፣ ጎን ለጎን እየተከለ፣ በዚያ ላይ ድንጋይ አንጥፎ ቤት ሠራ። መንገዱ ውሃ፣ ጋሪው ጀልባ ሆነ።

እንግዲህ አስቡት፤ የሚታረስ መሬት የለም፣ የሚጠጣ ምንጭ የለም፣ እንጨቱም ከሩቅ ነው የሚመጣው። የነበራቸው ዓሣና ጨው ብቻ ነው። ጨዉን ሸጠው እህል ገዙ፤ እህል ለማምጣት መርከብ ሠሩ፤ መርከብ ካላቸው ዘንድ የሌላውንም ዕቃ አመላልሰው ማትረፍ ያዙ። እንዲህ እንዲህ እያሉ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ከነበሩት የንግድ ከተሞች ሁሉ ከፍ ያሉ ሆኑ። ንጉሥ አልነበራቸውም። ዶጅ የሚባል ሹም ይመርጡ ነበር፤ ዶጁ እስኪሞት ድረስ ቢገዛም ሥልጣኑ በመኳንንቱና በትልልቆቹ ነጋዴዎች ምክር ቤት የተገደበ ነበር።

የከተማይቱ ጠባቂ ቅዱስ ማርቆስ ነው። በ828 ዓ.ም. የቬኒስ ነጋዴዎች ከእስክንድርያ አፅሙን ሰርቀው፣ የግብፅ ጉምሩክ ጠባቂዎች እንዳይነኩት በአሳማ ሥጋ ሸፍነው በመርከብ እንደ ወሰዱት የቬኒስ ሰዎች ራሳቸው ይተርካሉ። የቤተ ክርስቲያናችን አባላት የሆናችሁ እንደምታውቁት፣ አገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ስታስመጣ የኖረችው ከዚሁ ከማርቆስ መንበር ነው። በ1968 ዓ.ም. ከአፅሙ ከፊሉ ወደ ግብፅ ተመልሶ በካይሮ አዲሱ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሥፍራው ተገኝተዋል።

የንግዱ ዋና ነገር ቅመማ ቅመም ነበር። ከሕንድ አገር የሚነሣው ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል በቀይ ባሕር አልፎ ግብፅ ይገባል። የቬኒስ ነጋዴ እስክንድርያ ላይ ቆሞ ይገዛና ለአውሮፓ ይቸረችራል። ባለ መቅዘፊያዎቹ ትልልቅ የንግድ መርከቦች የመንግሥት ነበሩ፤ በመንግሥት መርከብ ማሠሪያ ቦታ ይሠሩና በየጉዞው ለነጋዴዎች በጨረታ ይከራዩ ነበር። ከ1284 ዓ.ም. ጀምሮ ዱካት የተባለ የወርቅ ገንዘብ አወጡ። ክብደቱ 3.5 ግራም ያህል ነው፤ ከተማይቱ ነፃነትዋን እስካጣችበት እስከ 1797 ዓ.ም. ድረስ ወርቁ ሳይቀላቀል፣ ክብደቱ ሳይጎድል ኖረ። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ማለት ነው! ያን ገንዘብ ከካይሮ እስከ ሕንድ ሰው ያመነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ቬኒስን እንደ ጻድቅ አድርጌ ላቀርባት አልሻም። በ1204 ዓ.ም. የመስቀል ጦረኞችን በመርከብዋ ጭና ቁስጥንጥንያን ያስዘረፈች እርስዋ ናት። የባሪያ ንግድም ነግዳለች። የነጋዴ ከተማ ልማድዋ ይኸው ነው፤ ትርፍ ባየችበት ሁሉ እጅዋን ትሰዳለች።

ሁሉን የሚጽፍ ሕዝብ

የቬኒስ ሰዎች ከሌላው የሚለዩበት አንድ ጠባይ ነበራቸው፤ የሚሠሩትን ሁሉ ይጽፉ ነበር። ነጋዴው ዕለት ዕለት ይጽፋል። ወደ ውጭ አገር የተላከው አምባሳደር ሲመለስ ያየውን የሰማውን ለምክር ቤቱ ጽፎ ያስረክባል። ምክር ቤቱ የወሰነውንና ያወጣውን ገንዘብ ይመዘግባል። ሉካ ፓቾሊ የተባለ መነኩሴ በ1494 ዓ.ም. በዚያው በቬኒስ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ የቬኒስ ነጋዴዎችን የመዝገብ አያያዝ አስረድቷል። ዘዴው እያንዳንዱ ሒሳብ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በሰጪው አንዴ በተቀባዩ በኩል፣ የሚጻፍበት ነው። ዛሬ የሒሳብ ሠራተኞቻችን ዴቢትና ክሬዲት የሚሉት ይኸው ነው። የዕድር ገንዘብ ያዥ የሆነ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ከሣጥኑ የወጣው ብር ወዴት እንደ ገባ ካልታየ፣ ሒሳቡ የሰው ቃል ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

የጻፉትንም አልጣሉትም። ዛሬ በቬኒስ የመንግሥት ቤተ መዛግብት ያሉት ወረቀቶችና ጥራዞች በመደርደሪያ ሲሰለፉ ርዝመታቸው ከ70 ኪሎ ሜትር አያንስም ይባላል። ከአቃቂ ተነሥቶ ደብረ ዘይትንና ሞጆን አልፎ ወደ ናዝሬት ሊደርስ ምንም ያህል አይቀረው!

የአገራችን ስም በቬኒስ

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልምጣ። በ1402 ዓ.ም. በሰኔ ወር የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ቬኒስ ገቡ። መሪያቸው አንቶኒዮ ባርቶሊ የሚባል የፍሎረንስ ሰው ነበር። ለዶጁ ካቀረቡት ገጸ በረከት ውስጥ አራት ነብሮች ይገኙበታል። የቬኒስ ሰው ጀልባ ላይ ነብር ሲያይ ምን እንዳለ መገመት አያቅትም። መልእክተኞቹ ሲመለሱ ንዋየ ቅድሳትን፣ እንዲሁም የእጅ ባለሙያዎችን ይዘው ነው፤ ከነዚህም ውስጥ ሠዓሊ፣ ግንበኛና አናጺ ነበሩባቸው። ቬረና ክሬብስ የተባሉ የታሪክ ተመራማሪ በ2021 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ በዚያ ዘመን ነገሥታቶቻችን ወደ አውሮፓ መልእክተኛ የላኩት አብዛኛው ሰው እንደሚያስበው ጠመንጃ ለመለመን ሳይሆን፣ ለሚያሠሩአቸው አብያተ ክርስቲያናት የሚሆን ንዋየ ቅድሳትና ባለሙያ ለማስመጣት ነው። እንደ ድኻ ሳይሆን እንደ ባለጸጋ ነው የላኩት። ይህን ዛሬ ለመናገር የተቻለው የቬኒስ ምክር ቤት ጸሐፊዎች የዚያን ዓመት ጉዳይ በመዝገብ ጽፈው ስላስቀመጡት ጭምር ነው።

ከዚያ 50 ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ተሠራ። ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ ከቬኒስ አጠገብ ባለች ቅዱስ ሚካኤል በምትባል ደሴት ገዳም ተቀምጦ የዓለምን ካርታ ሣለ። ካርታው ክብ ሲሆን ወርዱ ከሁለት ሜትር ይበልጣል፤ ከላይ ያደረገውም ሰሜንን ሳይሆን ደቡብን ነው። መነኩሴው ከገዳሙ ርቆ ኢትዮጵያን አላያትም። ነገር ግን የአገሩ ተወላጅ የሆኑ መነኮሳት አውራጃዎቹን፣ ከተሞቹን፣ ወንዞቹንና ተራሮቹን ከነስማቸው በገዛ እጃቸው ነድፈው እንዳሳዩት በካርታው ላይ ጽፏል። በእውነትም ካርታው ላይ ዓባይ በስሙ አለ። አዋሽም በስሙ አለ። የኛው የአቃቂ ወንዝ የሚገባበት አዋሽ፣ እዚህ አካባቢ ፋብሪካም ባቡርም ሳይታሰብ፣ ከ560 ዓመት በፊት ቬኒስ ውስጥ በብራና ተጽፎ ተቀምጧል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ባራራ የምትባለው ከተማ ናት። በፍራ ማውሮ ካርታ ላይ ባራራ የንጉሡ ዋና መቀመጫ ተደርጋ ተሥላለች። ከ1519 እስከ 1524 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት አሌሳንድሮ ዞርዚ የሚባል የቬኒስ ሰው በዚያ የሚያልፉትን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እየጠየቀ፣ ከየት ተነሥተው በየት እንደ መጡ፣ ከየት እስከ የት ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ጻፈ። እዚያም ባራራ ትነሣለች። በዚያን ዘመን የኛ መነኮሳት በእግራቸው እስከ ግብፅና ኢየሩሳሌም ይጓዙ ነበር፤ አንዳንዶቹም ቆጵሮስን አልፈው በመርከብ ጣሊያን ይገቡ ነበር። የዞርዚ ጽሑፍ ዛሬ ፍሎረንስ ይገኛል፤ በ1958 ዓ.ም. ታትሟል።

ለመሆኑ ባራራ የት ነበረች? ሐርትቪግ ብሬተርኒትዝና ሪቻርድ ፓንክረስት የተባሉት ተመራማሪዎች በ2009 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ዝቋላ፣ የረርና መናገሻ በሚከቡት አካባቢ ነበረች ይላሉ። ሌሎች ደግሞ እንጦጦ ላይ ናት ይላሉ። ከአቃቂ ወጣ ብሎ ለቆመ ሰው የረር በምሥራቅ፣ ዝቋላ በደቡብ ይታየዋል። እንግዲህ የነገሥታት መቀመጫ የነበረች ከተማ እዚሁ ዓይናችን በሚያየው አገር ውስጥ ሳትኖር አልቀረችም፤ ሆኖም ጣታችንን ቀስረን «ይኸውና እዚህ ነበረች» ለማለት አልቻልንም። ስምዋ ያለው ቬኒስ በተሠራ ካርታ ላይ ነው፤ ቦታዋ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ይህ የሆነው አባቶቻችን መጻፍ ስላላወቁ አይደለም። አገራችን የራስዋ ፊደል፣ የራስዋ ዜና መዋዕል ያላት ናት፤ የርስትና የጉልት ውል በወንጌል ኅዳግ ላይ ሲጻፍ ኖሯል። ነገር ግን ጦርነቱ ብዙ በላ። ከ1529 ዓ.ም. ጀምሮ ዐሥራ አራት ዓመት ያህል በቆየው በኢማም አሕመድ ዘመን ጦርነት አያሌ አድባራትና መጻሕፍት ተቃጠሉ፤ ባራራም በዚያው ጊዜ እንደ ጠፋች ይታመናል። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነገር፣ እሳት አንድ ቀን ከገባበት አለቀ።

ከቬኒስ መጥቶ እዚህ የቀረም ሰው አለ። ኒኮሎ ብራንካሌዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ በ1480 ዓ.ም. ገደማ አገራችን ገብቶ ሠዓሊ ሆኖ ኖረ፤ የኛ ሰዎች መርቆሬዎስ አሉት። በ1520 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በሕይወት አግኝቶት፣ የተከበረ ባለጸጋ ሰው እንደ ነበረ ጽፏል። የኋላ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ይህ ሰው እመቤታችንን ሲሥል ሕፃኑን በግራ ክንድዋ አሳቀፋት፤ በኛ ልማድ ግራ እጅ ክብር የለውምና ሕዝቡ ተቆጣ፤ ንጉሡ ግን ሥዕሉ እንዳይነካ አደረጉ። ስሙን በሥዕሎቹ ላይ ይጽፍ ስለ ነበር ዛሬም ሥራዎቹ ይታወቃሉ። ስማቸውን ሳይጽፉ ያለፉት ብዙዎቹ ሠዓሊዎቻችን ግን ሥራቸው አለ፣ እነሱ የሉም።

የቬኒስ ዕድር እንዴት ይተዳደር ነበር?

ከላይ ያልኩት የቬኒስ ዕድር በነሱ ቋንቋ ስኩኦላ ይባላል። ዛሬ ቃሉ ትምህርት ቤት ማለት ነው፤ በዚያን ዘመን ግን የተራ ሰዎች ማኅበር ማለት ነበር። የትልልቆቹ ጅምር በ1260 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በኋላ ስድስት ትልልቅ ማኅበሮች ሆኑ፤ ከመቶ በላይ የሆኑ ትንንሾችም ነበሩ። ከትልልቆቹ በእያንዳንዱ ውስጥ አምስት መቶ፣ ስድስት መቶ ያህል አባል ነበረ።

ሥርዓቱን ስታዩት «የኛው ነው እንዴ!» ያሰኛል። አባሉ ሲገባ የመግቢያ ይከፍላል፤ በየጊዜውም ያዋጣል። በየዓመቱ ታላቁ ጠባቂ የሚባል ዳኛ፣ ምክትሉ፣ ጸሐፊና ሌሎችም ሹማምንት ይመረጣሉ። ደንባቸው በብራና ተጽፎ፣ በሥዕል አጊጦ፣ ጥሩ ሽፋን ተደርጎለት ይቀመጣል። ይህን መጽሐፍ ማሪየጎላ ይሉታል፤ ትርጉሙ «እናት ደንብ» እንደ ማለት ነው። አዲስ አባል ሲገባ ቃል የሚገባው በዚያ ነው፤ የሁሉ ነገር እናት እርስዋ ናትና።

አባል ሲሞት ወንድሞቹ የማኅበሩን ልብስ ያለብሱታል፤ ጧፍ አብርተው፣ አስከሬኑን ተሸክመው እስከ መቃብሩ ይሸኙታል። ከቀብር መቅረት የደንብ ጥፋት ነው። የራሱ መቃብር የሌለው በማኅበሩ መቃብር ያርፋል። ከዚያም ሌላ የታመመውን ይጠይቃሉ፤ ለድኻው ለሐኪምና ለምግብ ይሰጣሉ፤ ባል ለሞተባት ይረዳሉ፤ የድኻ ልጅ ስታገባ ለጥሎሽዋ ያወጣሉ። አንዳንዶቹም ለችግረኛ አባሎቻቸው የሚሆን ቤት ነበራቸው።

ማኅበሮቹ በሙያም ነበሩ፤ የጫማ ሰፊው፣ የዳቦ ጋጋሪው፣ የብርጭቆ ሠሪው እያለ። የዓይነ ሥውራን ማኅበርም ነበረ። አንዱ ማኅበር ሥራው ሞት የተፈረደባቸውን ሰዎች ማጽናናትና ከተገደሉ በኋላ መቅበር ነበር። ዘመድ የሚሸሸውን፣ ጎረቤት የሚያፍርበትን ሰው፣ እነሱ ከመስቀያው አውርደው ያሳርፉታል። በዕድር ውስጥ የኖረ ሰው የዚህን ሥራ ክብደት አይስተውም።

ከየአገሩ የመጣውም ሕዝብ የየራሱን ማኅበር አቋቋመ። አልባኖች በ1442 ዓ.ም.፣ የዳልማሺያ ሰዎች በ1451 ዓ.ም.፣ ግሪኮች በ1498 ዓ.ም. የራሳቸውን መሠረቱ። መርከበኛው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጨርቅ ሸማኔው፣ ከአገሩ ርቆ ሲሞት በቋንቋው የሚያለቅስለት ሰው ይፈልጋልና ነው። የአቃቂ ሰው ይህን መረዳት አያቅተውም። የድሮው የጅቡቲ ባቡር በኛ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ያለፈው በዚሁ ነው፤ ኋላም ፋብሪካዎቹ ሲከፈቱ ከጉራጌው፣ ከኦሮሞው፣ ከአማራው፣ ከዶርዜው፣ ከወላይታው አገር ሰው መጣ። በአንድ ማሽን ላይ የቆሙ፣ በአንድ ግቢ የተከራዩ ሰዎች፣ ሃይማኖታቸውና ቋንቋቸው ሳይገድባቸው የሚቃበሩበት ነገር አስፈለጋቸው። ያ ነገር ዕድር ነው።

ወረርሽኝም ፈትኗቸዋል። በ1348 ዓ.ም. በገባው ቸነፈር የቬኒስ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። ሸኚውም ተሸኚውም ባንድ ላይ ሄደ። ኋላ በ1423 ዓ.ም. ከተማይቱ ለታመሙት በአንዲት ደሴት ላይ ማቆያ ሠራች። ኳራንቲን የሚለው ቃል ከነሱ ቋንቋ የመጣ ነው፤ አርባ ቀን ማለት ነው። በኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ድንኳን መትከልና ለቅሶ መቀመጥ በተከለከለ ጊዜ፣ ይህ ቃል በእያንዳንዳችን ቤት ገብቶ ነበር።

ምን ጎዳቸው?

ጊዜው ሲረዝም ችግር መጣ። ትልልቆቹ ማኅበሮች ከአባሎቻቸው በኑዛዜ ቤትና ገንዘብ እየወረሱ በለጸጉ። ሀብት ሲበዛ በአንድ ደንብ ሥር ያሉት ወንድማማቾች ሁለት ሆኑ። ሀብታሙ ሹመቱን ይዞ በሰልፉና በቀብሩ ላይ የመገኘቱን ግዴታ ተወው፤ ድኻው ግን ጧፍ ተሸክሞ በየሰልፉ የሚወጣው ምጽዋቱ እንዳይቀርበት ብሎ ሆነ። ቀድሞ ወንድም የነበረው አሁን ተቀጣሪ መሰለ።

ከዚህም ሌላ ማኅበሮቹ ማን ይበልጣል እያሉ በሕንፃ ይወዳደሩ ጀመር። ቅዱስ ሮኮ የተባለው ማኅበር ያሠራው አዳራሽ የታወቀ ነው፤ ቲንቶሬቶ የተባለው ሠዓሊ ከ1564 ዓ.ም. ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ በሥዕል ሲያስጌጠው ኖረ። ዛሬ ከዓለም ዙሪያ ሰው እየመጣ ያየዋል። ውበቱን ማንም አይክድም። ሆኖም በዚያው ዘመን፣ በ1541 ዓ.ም.፣ አሌሳንድሮ ካራቪያ የተባለ የቬኒስ ዕንቁ ነጋዴ ባሳተመው ግጥም፣ ለድኻ መድረስ የነበረበት ገንዘብ በድንጋይና በጌጥ አለቀ ብሎ ነቅፏቸዋል። በኛም ዘንድ አዳራሽ እንሥራ ሲባል ደስ ይላል፤ እኔም አልቃወምም። ነገር ግን የአንድ ዕድር ሚዛኑ አዳራሹ አይደለም፤ ከአባሎቹ ሁሉ ድኻው በሞተ ቀን ስንት ሰው ቆመ የሚለው ነው።

በ1498 ዓ.ም. ቫስኮ ዳ ጋማ አፍሪካን ዞሮ ሕንድ ከገባ በኋላ የቅመሙ ንግድ ቀስ በቀስ ከቬኒስ እጅ ወጣ። በ1797 ዓ.ም. ናፖሊዮን ከተማይቱን ያዘ። ከዚያም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በ1806 እና በ1807 ዓ.ም.፣ ማኅበሮቹ በአዋጅ ተዘጉ፤ ንብረታቸው ተወረሰ፤ ቅዱስ ሮኮን የመሰሉ ጥቂቶች ብቻ ተረፉ። ብሩ ተወሰደ፣ ሕንፃው ለሌላ ሥራ ተሰጠ፣ ሥዕሉ ተበተነ። ብዙው መዝገብ ግን ወደ ቤተ መዛግብቱ ገብቶ ተረፈ። ዛሬ ከአራት መቶ፣ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የሞተ አንድ ቀዛፊ ወይም ጫማ ሰፊ በየትኛው ማኅበር አባል እንደ ነበረ የሚታወቀው በዚያ መዝገብ ነው። በሕይወቱ ማንም ያላየው ሰው ስሙ አለ።

እኛስ?

አሁን የራሳችንን ቤት እንይ። በከተማችን ብዙዎቹ ዕድሮች የተስፋፉት ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ነው፤ በኛ አቆጣጠር ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ የመሥራቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ገና አሉ፤ ነገሩን ከአባታቸው አፍ የሰሙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም ጥቂት ቀርተዋል። ጥቂት ነው የምለው እያንዳንዱን ራሳችን እየቀበርነው ስለሆነ ነው። ጡሩምባው በተነፋ ቁጥር አንድ ያልተጻፈ መጽሐፍ ይቀበራል።

የብዙ ዕድር መዝገብም ቢከፈት የሚገኘው የከፋይ ስም፣ የወሩ መዋጮ፣ የቀሪ ቅጣት፣ ለሟች ቤተሰብ የተሰጠው ገንዘብ ነው። ይህም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው፤ ያም እንኳ በጸሐፊው አልጋ ሥር አይጥ የሚበላው፣ ጸሐፊ ሲለወጥ የሚጠፋው ብዙ ነው። በተለይ አሁን፣ መንደሮች እየፈረሱ፣ ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም እየተበተነ ባለበት ዘመን፣ አንድ ሠፈር ሲነሣ ዕድሩ አብሮ ይበተናል፤ ዕድሩ ሲበተን መዝገቡ የማን ይሆናል? ባራራን ያጠፋው ጦርነት ነው። የኛን ሠፈር ታሪክ ግን ያለ ጦርነት፣ በዝምታ ብቻ ልናጠፋው እንችላለን።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤያችን የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የቆዩት የዕድራችን መዝገቦች፣ ቃለ ጉባኤዎችና ደንቦች በማን እጅ እንዳሉ ተጠይቀው ይሰብሰቡ፤ ተቆጥረውም በሰነድ ለዕድሩ ርክክብ ይደረግ። ሁለተኛ፣ ዛሬ በያንዳንዱ ወጣት ኪስ ካሜራ ያለው ስልክ አለ፤ መዝገቦቹ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥተው ቅጂው በሁለት ቦታ ይቀመጥ። አንዱ ቢጠፋ አንዱ ይተርፋልና። ሦስተኛ፣ ዕድሩ እንዴት እንደ ተመሠረተ፣ የመጀመሪያው ድንኳን በምን ገንዘብ እንደ ተገዛ፣ የመጀመሪያው ቀብር የማን እንደ ነበረ ከቀሩት ሽማግሌዎችና እናቶች ተጠይቆ ይጻፍ። በተለይ እናቶች ይጠየቁ፤ በየለቅሶው ንፍሮ የቀቀሉት፣ ውሃ የቀዱት፣ ሐዘንተኛ ያቀፉት እነሱ ሆነው ሳለ በመዝገብ ላይ ስማቸው የለም፤ «የአቶ እገሌ ባለቤት» ተብለው ነው የቀሩት።

አራተኛውና ዋናው ይህ ነው። ከእንግዲህ አባል ሲሞት በመዝገቡ ላይ ከገንዘቡ ልክ አጠገብ ሦስት አራት መስመር ይጨመር፤ የት ተወለደ፣ መቼ አቃቂ ገባ፣ ምን ሠርቶ ኖረ፣ ማንን አሳደገ። ይህን የሚጽፍ ሰው ሊቅ መሆን የለበትም፤ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ይበቃል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የአቃቂ የሠራተኛው ሕዝብ ታሪክ በእጃችን ይገኛል፤ ያለ ሊቅ፣ ያለ በጀት።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚሉት አባቶቻችን ናቸው። የቬኒስ ሰዎች ተረቱን ሳያውቁት ሠሩበት፤ እኛ ተረቱን እያወቅነው እስከ ዛሬ አልሠራንበትም። የዕድራችን ጸሐፊዎች ለዚህ ሥራ ፈቃደኛ የሆኑ ወጣቶችን ስም ከመጪው የወር መዋጮ ቀን ጀምሮ ቢመዘግቡ መልካም ነው እላለሁ።

ፈጣሪ ያለፉትን ነፍስ ይማር፤ ያለነውን በጤና ያቆየን፤ ዕድራችንንም ለልጆቻችን ያድርስልን።